አንበሳው ከጀርባችሁ ነው

ልጆቼ፣

ከጥር ወዲህ ቤቴ የሚመጣው ወጣት በዝቷል። ጥያቄያችሁም አንድ ነው። «እትዬ፣ ተረት ወደ ቲያትር ለውጠን መሥራት እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?» ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቡና አፍልቼ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንዱን ተናግሬ ሌላውን እየረሳሁ፣ ከሄዳችሁ በኋላ «ውይ፣ ይህንንም ሳልነግራቸው!» እያልኩ ተቸገርኩ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ለማታውቁኝ፣ ቲያትር የጀመርኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ኪነት ቡድን ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተውኛለሁ፣ ልብስ ሰፍቻለሁ፣ አዘጋጅቻለሁ፣ አስተምሬያለሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ጥር ደግሞ ከአምስት ወጣቶችና ከአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጋር ሆነን የአንበሳውን ፀጉር ተረት ጣና ዳር አሳየን። አብዛኛው የምነግራችሁ ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ነው።

ተረቱን ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት ቤቷ ሰላም አጥቶ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂው «መድኃኒቱን እንድሠራልሽ ከአንበሳ ላይ ፀጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ጫካ ትወርዳለች። የመጀመሪያ ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ትሸሻለች። በማግስቱ ትንሽ ቀረብ ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አንበሳው ይለምዳታል፤ ፀጉሩንም ትነቅላለች። ይዛ ስትመለስ አዋቂው ፀጉሩን እሳት ውስጥ ይጥለዋል። «አንበሳ ያለመድሽ ሴት ቤትሽን እንዴት ያቅትሻል?» ይላታል።

ይህን ተረት ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሠርቼው ነበር። አበላሸሁት። ያኔ 22 ሰው መድረክ ላይ አወጣሁ። እስክስታ ጨመርኩ። ተረቱ ውስጥ የሌለ ሠርግ ደገስኩ። አንበሳው ከብርድ ልብስ የተሰፋ ነበር፤ ሁለት ልጆች ውስጡ ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። አንበሳው ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋን የምትጫወተው ልጅ መንቀጥቀጥ የነበረባት በዚያ ሰዓት ነው። ሰው እየሳቀ እንዴት ትንቀጥቀጥ? ስናበቃ ከመጋረጃው ጀርባ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ተረቱ ብቻውን አይበቃም ብዬ ስለፈራሁ ነው ያን ሁሉ የጫንኩበት። ዛሬ የእናንተን ስክሪፕት ሳነብ ያንኑ ፍርሃት አያለሁ። አሥራ አምስት ገጸ ባሕርያት፣ ሦስት ዘፈን፣ ጭስ፣ ፕሮጀክተር። እባካችሁ፣ ከመጨመራችሁ በፊት ተረቱን ስሙት።

ስሙት ስል በእውነት በጆሮ ማለቴ ነው። እኛ ከመጻፋችን በፊት ሦስት ሳምንት ሰው ስንሰማ ቆየን። ገበያ ሄድን፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሚያርፉ አዛውንቶች ጋር ተቀመጥን፣ በጀልባ ተሳፍረን ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ ውስጥ ከቡናው ጫካ መሀል ቤታቸው ያለ አንዲት እናት ተረቱን ሲያወሩልን፣ «አንበሳው ጋ ልትሄድ ስትነሣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች» አሉ። ምንም ሳያብራሩ ቀጠሉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ነጠላ ማዘቅዘቅ የሐዘን ነው። ሴትዮዋ አልመለስም ብላ የራሷን ሐዘን ራሷ ጀምራለች ማለት ነው! ከእኛ አንዱ ለዚህ ቦታ አንድ ገጽ ተኩል ቃለ ተውኔት ጽፎ ነበር፤ ሞትን እየተጣራች የምትናገረው። ሰረዝነው። ተዋናይቷ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ብቻ አዘቀዘቀች። ፊት የተቀመጡ እናቶች ወዲያው ከንፈራቸውን መጠጡ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ቤት ተቀምጣችሁ አታገኙትም። ስታዳምጡ ደግሞ ታሪኩን ብቻ አትልቀሙ። አነጋገሩንም ያዙ። ልምምድ ስንጀምር ልጆቼ በሙሉ እንደ ዜና አንባቢ ማውራት ያዙ። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ለምን ድምፁ እንደሚለወጥ አላውቅም። አያታችሁ በሚያወሩበት አማርኛ አውሩ። የሚጎትቱትን ጎትቱት፤ የሚቆርጡትን ቁረጡት።

አንድ ጉዳይ ሳልረሳ። የሕዝብ ተረት የማንም የግል ንብረት አይደለም። አንድ ደራሲ በራሱ ቋንቋ አስውቦ የጻፈው መጽሐፍ ግን የደራሲው ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወቱ ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ወደ ተውኔት መለወጥም የእሱ ፈቃድ ነው። ከመጽሐፍ ከወሰዳችሁ ሄዳችሁ አስፈቅዱ። ሄደው የጠየቁ ልጆች ብዙ ጊዜ ፈቃድም ምርቃትም ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ተረት ሁለት መልክ አለው። በአንዱ ሴትዮዋን የሚያስቸግራት ባሏ ነው። በሌላው የእንጀራ ልጇ ነው፤ እናቱ የሞተችበት፣ የእንጀራ እናቱን ምግብ አልበላም ያለ ልጅ። እኔ ያደግኩት በባልየው ነው፤ እሱኑ ልሠራ አስቤ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሴትዮዋን የምትጫወተው ልጅ ልምምድ አቁማ «እትዬ» አለችኝ። «ባሏ ክፉ ከሆነ ለምንድን ነው እሷ ብቻ የምትታገሠው? ቤቷ ችግር ያለባት ሴት መጥታ ብታይ፣ ‹ወደሚመታሽ ቀረብ በይ› ብለን ልንመልሳት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ልምምዱን በትኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት። ልጅቷ ልክ ናት። ተረቱ ሲነገር የኖረበት ዘመን ሌላ ነው፤ ዛሬ የምታየው ሴት ሌላ ናት። ስለዚህ ሁለተኛውን መልክ ወሰድን። እንዲህ ሲሆን የሴትዮዋ ትዕግሥት የት እንደሚሄድ ተቀየረ። ለሚመታት ሰው መሆኑ ቀርቶ እናቱን ላጣ ሕፃን ሆነ። የተረቱ ሥጋም አጥንትም አልተነካም። አንበሳው አለ፣ ፀጉሩ አለ፣ እሳቱ አለ። እኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ተረት ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅም እንደዚያ አንበሳ ነው፤ የሚያገሳው ስለፈራ ነው።

«ተረት መለወጥ ነውር አይሆንም ወይ?» ብላችሁኛል። ተረት ምንጊዜም ሲለወጥ የኖረ ነገር ነው። ሲንደሬላን እንኳ እዩ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ሲያሳትማት ጫማዋ የብርጭቆ ነው። የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ውስጥ የወርቅ ነው። ሁለቱም ሲንደሬላ ናት። የእኛም የዘመናዊ ቲያትር ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች የተነሣ ነው። አራዊቱን ሰዎች ተጫወቷቸው። መኳንንቱ ግን ራሳቸውን አዩበትና ተቆጡ፤ ቲያትር ታገደ። «ተረት ለሕፃናት ነው፣ ቀላል ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህንን ንገሩት።

ነገር ግን ለመለወጥ ምክንያት ይኑራችሁ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ዓይነት ጥያቄ ይኑራችሁ። ዘመናዊ እንዲመስል ብቻ አዋቂውን ሞባይል ብታስይዙት፣ የተመልካቹን አንድ ሳቅ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ አዋቂው የሚናገረውን የሚያምን የለም።

ስለ አንበሳው ልንገራችሁ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨንቄያለሁ። ብርድ ልብሱን አልረሳሁትም። ጭምብል እንሥራ፣ በጥላ እናሳይ፣ ብዙ ተባለ። መፍትሔው የመጣው ከትንሹ ልጅ ነው። አንድ ቀን ተዋናይቷ ለጊዜው ከእኛ ጀርባ ያለ ዛፍን አንበሳ አድርጋ እያየች ትለማመድ ነበር። ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጇ ቀዘቀዘ። ልጁ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ድንገት ዞሮ ወደ ኋላው ተመለከተ። ዛፍ ብቻ ነው ያለው። እንደገና ዞሮ አየ። ያኔ «በቃ፣ አንበሳው ተገኘ» አልኩ።

አንበሳውን ከተመልካቹ ጀርባ አስቀመጥነው። አይታይም። ከኋላ አንድ ልጅ ከበሮ ይዞ ይቀመጣል። ጣቱን በውሃ አርሶ ቆዳው ላይ ጫን አድርጎ ሲጎትተው ከበሮው ያጉረመርማል። ሞክሩት፤ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ሥጋዋን በገበቴ ይዛ ከመድረኩ ወደ ተመልካቹ ትመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ገበቴውን የፊተኛው ሰው እግር ሥር አስቀምጣ ትሸሻለች። በሁለተኛው ቀን በሰው መሀል ትገባለች። በየቀኑ ሁለት ሁለት እርምጃ። ሰዉ ሰሌን ላይ ስለተቀመጠ በትከሻውና በትከሻው መሀል እያለፈች ነው የምትሄደው። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ አንበሳ ያየ የለም። በሰባተኛው አንበሳ የሚሆነው ልጅ ከኋላ ይነሣል። ጭምብል የለውም፣ ቀለም አልተቀባም። ትኩስ የደንገል አናት በሁለት እጁ ፊቱ አጠገብ ይይዛል። ደንገል አናቱ ጎፈር ነው፤ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ እዩት። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ቆርጠው የሰጡን። ሲደርቅ ስለሚሰባበር ለየቀኑ ትኩስ ያስፈልጋል።

ይህ ቦታ መጀመሪያ ስንለማመደው ሁለት ደቂቃ ነበር የፈጀው። ልጆቹ ዝምታ ያስፈራቸዋል። «ሰው ይሰለቻል እትዬ» እያሉ ያጣድፉታል። እኔ ደግሞ እንዲዘገይ እለምናለሁ። አንድ ቀን ተዋናይቷን «ሥጋውን ስታስቀምጪ አንበሳው አንድ ጊዜ እስኪተነፍስ ጠብቂ። ከዚያ ሂጂ» አልኳት። ከበሮ መቺውን ደግሞ በራስህ ልክ ተንፍስ አልኩት። ሁለቱ መደማመጥ ሲጀምሩ ሁለቱ ደቂቃ 9 ደቂቃ ሆነ። 9 ደቂቃ ያለ አንድ ቃል! በመጀመሪያው ቀን ትርኢት፣ አምስተኛው ቀን ላይ አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጭን ተነሥታ «አትሂጂ!» ብላ ጮኸች። ተዋናይቷ ዞር ብላ አየቻት። ፈገግ አላለችም፣ ከሚናዋም አልወጣችም። ዝም ብላ አየቻትና ሄደች። እንዲህ ያለውን ነገር ማለማመድ አይቻልም። የሚመጣበትን ጊዜ መተው ነው የሚቻለው። በዚህ ቦታ የምትቸኩሉ ከሆነ ይህን ተረት አትሥሩት፤ ሌላ ምረጡ።

ሐይቁ ዳር የሠራነው ወደን አልነበረም። አንድ አዳራሽ ቃል ተገብቶልን ነበር። ሊታይ አምስት ቀን ሲቀረው ለስብሰባ ይፈለጋል ተባልን። በጣም አዝኜ ነበር። አሁን ግን ለእናንተ የሚጠቅም ትምህርት ስላገኘሁበት እነግራችኋለሁ። ሜዳ ላይ ስትሠሩ፣ በምታሳዩበት ቦታና በምታሳዩበት ሰዓት ተለማመዱ። እኛ የመጀመሪያውን ልምምድ እዚያ ያደረግነው ጠዋት ነበር፤ ድምፁ ግሩም ነው። ከሰዓት በኋላ ስንሄድ ነፋሱ የልጆቹን ቃል እየነጠቀ ወደ ከተማው ወሰደው። ቀን ቀን ምድሩ ከውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ ባሕር ዳር ይነፍሳል፤ ማታ ይገለበጣል። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያውቀውን እኛ ሳናስብበት ተመልካቹን በውሃው በኩል አስቀምጠን ነበር። አዞርነው። ተዋንያኑ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጡ፤ ነፋሱም ድምፃቸውን ራሱ ይዞ መጣ።

ከተማችን ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለሆነች፣ እንዲያ ሲቆሙ የምትጠልቀው ፀሐይ በቀኛቸው ትሆናለች። በጥር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 11 ሰዓት ጀመርን። የአንበሳው ቦታ ሲደርስ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ቀልቷል፤ የሴትዮዋ ጥላ ረዝሞ ሰዉ ላይ ያርፋል። መብራት አልተከራየንም። የመብራት መቋረጥ ሥጋትም፣ አምፖል የሚከብ ትንኝም አልነበረብንም። ኖራ በትነን ክብ ሠራን፤ መድረካችን እሱ ነው።

ተራኪ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ጠይቃችሁኛል። ለተረት እኔ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። አባባ ተስፋዬን አስቡ። ከ1957 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ የነበራቸው ድምፃቸው፣ እጃቸውና ፊታቸው ነው። እሳቸው እኮ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ መድረኩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ለልጆች ሲናገሩ ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያነጋገሩት ይመስል ነበር። ተራኪያችሁ ያንን ይማር። ደግሞም የእኛ ተመልካች ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ከልጅነቱ ያውቃል። ተራኪዋ ክቡ ውስጥ ገብታ «ተረት ተረት!» ስትል ሰዉ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ጭምር፣ «የላም በረት!» ብሎ መለሰ። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ሁሉም ሥራው ውስጥ ነው።

አሁን በጣም ያከራከረንን ልናገር። የአዋቂውን የመጨረሻ ንግግር አወጣሁት። «አንበሳ ያለመድሽ ሴት» የሚለውን። አዋቂውን የሚጫወተው ልጅ ከሁሉ የሚወደው ቦታ ነበር፤ ድምፁም ለዚያ የተፈጠረ ነው። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ተዋናይን ንግግሩን መቀማት ከባድ ነገር ነው፤ እኔም ተቀምቼ አውቃለሁ። ግን ያ ንግግር ሲነገር ተመልካቹ ሥራውን ይጨርሳል። የሚያስበው ነገር አይቀርለትም።

በምትኩ እንዲህ አደረግን። አዋቂው ፀጉሩን ተቀብሎ አየው። እሳት ውስጥ ጣለው። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ደነገጠች። እሱ «ሂጂ» ብቻ አላት። ቤቷ ገባች። ልጁ ጥግ ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ያንኑ ገበቴ አነሣች፤ ለአንበሳው ሥጋ የወሰደችበትን። ምግብ አደረገችበት። ወደ ልጁ ሁለት እርምጃ ሄደች። አስቀመጠችው። አንድ ትንፋሽ ጠበቀች። ጀርባዋን ሰጥታው ሩቅ ተቀመጠች።

ከኋላ አንዲት ሴት «እእእ...» ስትል ሰማሁ። ገባት። ከዚያ ወዲያ ወዲህ የሚል ሹክሹክታ ክቡን ዞረው። ልጁ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። እጁን ሰደደ። አንድ ጉርሻ በላ። አዋቂው ሆኖ የተጫወተው ልጅ ከኖራው ክብ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። ሲያበቃ መጥቶ አቀፈኝ። ስለ ንግግሩ ዳግመኛ አንሥቶ አያውቅም።

ከቻላችሁ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሄዳችሁ ትልልቅ ሥራዎችን እዩ፤ መድረክ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ትማራላችሁ። ሆኖም ትልቅ መድረክ እስክታገኙ አትጠብቁ። ስድስት ሰው፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ገበቴና አንድ ነጠላ ይበቃችኋል። ሁለት ወር ልምምድ ግን ይኑራችሁ፤ እሱን አሳጥሩልኝ ብትሉኝ እሺ አልልም።

የመጨረሻው ቀን እሑድ ነበር። ተራኪዋ ክቡ መሀል ቆማ እንደ ደንቡ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለች። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። አንዲት አሮጊት ግን ከሰሌኑ ተነሡ። ከማኅበር ሲመለሱ ነው መሰለኝ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ቀስ ብለው የኖራውን መስመር ተሻገሩ። ዳቦውን ቆርሰው የተራኪዋን አፍ በእውነት አበሱላት። ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ለትንሹ ልጅ ቆረሱለት። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለ። ደንገሉን እንደያዘ ወደቆመው አንበሳ ሄደና ግማሹን ሰጠው።